በዳቦ ቤት ዘይት የተቀባው ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ገዝቼ የገላን ኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ሃና ብስክሌቷን ተሸክማ ከፊቴ ትወጣ ነበር። ሃና ሳምንቱን ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ብስክሌት ትወዳደራለች። ብስክሌቱን የተሸከመችው በግራ ትከሻዋ ነው። ካቴናው አንገቷ ሥር ተለጥፎ ነጭ ሹራቧን በግራሶ አጨማልቆታል። እኔ ደግሞ ነገር አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችል ሰው ነኝ።

«በቀኝ!» አልኳት ከኋላዋ።

ደንግጣ ዞረች። «ምን አሉኝ እትዬ አስካለ?»

«በቀኝ ትከሻሽ ተሸከሚው። ያኔ ካቴናው ወደ ውጭ ይሆናል፣ አንቺም ከግራሶ ትተርፊያለሽ። እስቲ ሹራብሽን እዪው!»

ሹራቧን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። ዓይኗ ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ ምን እንዳሰበች ገባኝ። ሽንኩርቱን አስያዝኳትና ብስክሌቱን ተቀበልኩ። ቀኝ ክንዴን በብረቱ መካከል አሾልኬ፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ እስከ በሯ ድረስ አንዴም ሳላርፍ ወጣሁ። ልቤ በአፌ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ግን ልጅቷ እያየችኝ እንዴት አርፋለሁ? ሞቼ ነው!

በሯ አጠገብ ሁለት ጥንድ ጎማ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንዱ ጥንድ ወፍራምና ጥርሳም፣ ሌላው ቀጭንና ልሙጥ።

«ነገ ሳይክሎክሮስ አለን» አለችኝ። «በጭቃ፣ በቦይ፣ በቁልቁለት ነው የምንሄደው። መንዳት ያልተቻለበት ቦታ ላይ ተሸክሞ መሮጥ ነው። የትኛውን ጎማ እንደማስር ጨንቆኛል።»

ሳይክሎክሮስ! ለካ ስም አለው። እኛ እኮ «የጭቃው» ነበር የምንለው። ጎማዎቹን ተራ በተራ በአውራ ጣቴ ተጫንኩና ሽንኩርቴን ይዤ ወረድኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋኝ። ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመርኩ፣ ተውኩት። በረንዳ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ይህንንም የምጽፈው እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነው።

አመሌ የዛሬ አይደለም። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ የተቀመጠችበት ሁሉ እሾህ አለበት» ትለኝ ነበር። በቀን ስንት ጊዜ «ኧረ ቁጭ በይ!» እንደምትለኝ እሷም አታውቀውም። ምግብ የምበላው ቆሜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሲረዝምብኝ እግሬን ሳቀያይር ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ትቆነጥጠኛለች።

ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባዬ የባቡር ሐዲድ ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ነው። እማዬ ደግሞ ሰፈራችን ባለው ዳቦ ቤት ትሠራለች። ጎህ ሳይቀድ ትሄድና ሊጡ የሚገባባቸውን ቆርቆሮዎች ዳቦው እንዳይጣበቅ አንድ በአንድ በኑግ ዘይት ትቀባለች። ከልብሷም፣ ከፀጉሯም፣ ከመዳፏም ያ ዘይት አይጠፋም ነበር። ጨለማ ውስጥ ብትመጣ እንኳ በጠረኗ አውቃታለሁ። ዛሬም ኑግ ሲቆላ ከሸተተኝ መንገድ ላይ እቆማለሁ።

አባዬ ጥቁር፣ ከባድ ብስክሌት ነበረው። እሱ ከሥራ ሲመለስ ብስክሌቱ የኔ ነው። ሰዎች «ሴት ልጅ በብስክሌት!» ይላሉ፤ እማዬም ትላለች፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እነዳለሁ። ክረምት ሲወጣ፣ የአቃቂ ሜዳ ገና ሳይደርቅ፣ አደዩ ሲፈነዳ፣ በየመንገዱ ዳር የበቆሎ ጥብስ ሲሸት፣ የሰፈሩ ወጣት ብስክሌት ያለው በብስክሌቱ፣ የሌለው ተውሶ፣ ጭቃው ውስጥ ይወዳደር ነበር። ደስታው አይነገርም። ጭቃ ጥርሳችን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ማን እንደቀደመ ለማወቅ መጀመሪያ ፊት መታጠብ ያስፈልጋል።

ትምህርት በጨረስኩበት ዓመት ግን ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ማትሪክ አልመጣልኝም። እማዬ ቶሎ ብላ ናዝሬት ልብስ ስፌት ቤት ካላት አክስቴ ጋር ተነጋገረች። «እዚያ ቁጭ ብለሽ ሙያ ትማሪያለሽ» አለችኝ። ቁጭ ብለሽ! ሌላው ሁሉ አልተሰማኝም። አክስቴን እወዳታለሁ፤ ናዝሬትም ጥሩ አገር ነው። ግን ያን ክፍል አውቀዋለሁ። ሴቶቹ ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። እኔ እዚያ አንድ ሳምንት ብቆይ አብዳለሁ። ቀልዴን አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት የመኪናው ድምፅ እየመጣብኝ እባንን ነበር።

በዚያው ሰሞን ከፋብሪካዎቹ አንዱ የሴቶች የብስክሌት ቡድን ሊያቋቁም ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እውነት ሆነ። አሰልጣኙ ጋሽ በዛብህ ሰፈራችን ድረስ መጥቶ ከመስቀል በኋላ በሚደረገው የጭቃው ውድድር ላይ ከሴቶቹ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን እንደሚወስድ ተናገረ። ግማሽ ቀን ፋብሪካ ሥራ፣ ግማሽ ቀን ብስክሌት። እኔ ይህን ስሰማ በደስታ የጎረቤት አጥር ዘልዬአለሁ።

አባዬ ነገሩን ቆረጠው። «ከሁለቱ አንዷ ከሆንሽ ትቀሪያለሽ» አለኝ። «ካልሆንሽ ግን ያለ አንዳች ኩርፊያ ናዝሬት ትሄጃለሽ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩ። እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። ይህ ከስድብ በላይ አናደደኝ።

ከዚያ የጎማው ጭንቀት መጣ። የአባዬ ብስክሌት ጎማዎች አልቀው ክራቸው ይታይ ነበር። የአቃቂን አፈር የማያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ አይገባውም። ጥቁሩ አፈር፣ ኮትቻው፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲረጥብ ደግሞ የነካውን አይለቅም። ጫማህን ይነጥቅሃል። ብስክሌት ከሆነ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ፣ በብረቱ መካከል ታጭቆ፣ መንኮራኩሩን ቀጥ ያደርገዋል።

ገበያው ጥግ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ሰው ሱቅ ነበራቸው። ከስኳርና ከሳሙናው በላይ፣ ከጣራው ላይ ጎማዎች በገመድ ይንጠለጠላሉ። ሱቁ የላስቲክና የበርበሬ ሽታ ተቀላቅሎበታል። ጋሽ ሸምሱ ጨዋታ የሚወዱ፣ ግን በዕቃቸው ላይ የማይቀልዱ ሰው ናቸው።

«ጥርሳሙን ውሰጂ» አሉኝ። «ጥርስ ያለው መሬት ይነክሳል።»

አባዬ ደግሞ ቀጭኑን ነው የሚለው። «ቀጭን ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል። ወፍራሙ እላዩ ላይ ይንሳፈፍና ጭቃ ሲሰበስብ ይውላል።»

ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው፤ ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ተወዳድረው አያውቁም። እኔ ደግሞ ሰው ሲነግረኝ አልወድም። ሁለት አሮጌ ጎማ ተውሼ ከቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሞከርኳቸው። ጥርሳሙ መታጠፊያ ላይ መሬቱን አጥብቆ ያዘልኝ፤ ትንሽ እንደሄድኩ ግን ጥርሶቹ መካከል ጭቃው ሞልቶ ጎማው ድፎ ዳቦ አከለ። ቀጭኑ ጭቃውን ቀለል አድርጎ አለፈው፤ መሪውን ዘወር ሳደርግ ግን ተንሸራቶ አፈረጠኝ። ተነሣሁ፣ ወደቅኩ፣ ተነሣሁ። ሲመሽ አንድ ነገር ወሰንኩ። ፊት ለፊት ጥርሳም፣ መሪው እንዲታዘዘኝ። ኋላ ቀጭን፣ ጭቃ እንዳይሸከምብኝ።

በነጋታው ሄጄ ለጋሽ ሸምሱ ስነግራቸው ሚዛናቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «አንድ እግርሽ ላይ ቦቲ፣ አንድ እግርሽ ላይ ሸራ ጫማ ልታደርጊ?»

«አዎ።»

«የኔ ልጅ፣ ጎማ ጥንድ ነው። ጥንድ አላፈርስም። የቀረውን ማን ይገዛኛል? ወላሂ አላፈርስም!»

ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ ወጥቼ ተመለስኩ። እምቢ! እንዲህ ስንጨቃጨቅ አንዲት ረጅም ልጅ በር ላይ ቆማ ታዳምጠናለች። የቃሊቲዋ ፀሐይ ናት፤ የከባድ መኪና ሹፌር ልጅ፣ ከሴቶቹ ሁሉ የምንፈራት። እሷም ጎማ ልትገዛ ነው የመጣችው።

«ሞኝ ነሽ» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ። «ገልብጠሽዋል። የሚገፋው የኋላው ጎማ አይደለም እንዴ? ጥርሱ የሚያስፈልገው ኋላ ነው። ፊት ቀጭን አድርገሽ ጭቃውን ትቆርጪዋለሽ፣ ኋላ በጥርሱ ትገፊዋለሽ።»

«መታጠፊያ ላይ ቦይ ውስጥ ስትገቢ እናያለን» አልኳት።

«አንቺ ኋላሽ እየተንሸራተተ ስትቀሪ እናያለን።»

ጋሽ ሸምሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። «አልሐምዱሊላህ! ጥንዴ ተገኘ!» ብለው ሁለት ጥንድ ጎማ ከጣራው አወረዱ። እኔ አንድ ጥርሳም አንድ ቀጭን፣ እሷም አንድ ጥርሳም አንድ ቀጭን ይዘን ወጣን። እስከ አስፋልቱ አብረን ሄድን፤ እያንዳንዳችን በሌላዋ ሞኝነት እየሳቅን። መንገድ ላይ በቆሎ ጥብስ ገዛንና ለሁለት ሰበርነው። ያቺን ልጅ በዚያች ቀን ወደድኳት፤ ግን ከፊቴ እንድትሆን አልፈለግኩም።

ውድድሩ እስኪደርስ ድረስ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። የጎማዎቹን ጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ ፈትቼ ጣልኩ፣ ጭቃ የሚታጨቅበት ቦታ ይቀንስ ብዬ። የፍሬኑን ላስቲክ ቀየርኩ። ብስክሌቱን ተሸክሜ የባቡሩን ድልድይ ስወጣና ስወርድ ያየኝ ሁሉ «ምን ነካት?» ይላል። ማታ እራት ላይ ስለ ጭቃው አወራለሁ። «ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ይሄ መጣበቁ ብቻ ነው የገደለኝ» እላለሁ። አባዬ ይመልስልኛል። እማዬ ዳቦዋን ትቆርሳለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ሳህን እያነሣች፣ «የምን መጣበቅ ነው?» አለችኝ። አስረዳኋት። «እ» ብላ ገባች። እኔ ደግሞ ከ«እ» በላይ አልጠበቅኩም።

የውድድሩ ዕለት ስነሣ እማዬ ወደ ሥራ ሄዳለች። መልካም ዕድል እንኳ ሳትለኝ! ሆዴ ባሰው። ትራሴ አጠገብ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣለች፤ ከሥራ መሃል ተመልሳ መጥታ እንደነበር ያኔ አላስተዋልኩም። ዳቦውን ኪሴ ከትቼ፣ ብስክሌቱን ከታዛው ሥር አውጥቼ፣ እየገፋሁ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ኑግ ኑግ ይሸተኛል። ዳቦው ነው ብዬ አለፍኩት።

መንገዱ አንድ ትልቅ ዙር ነው። ከጣቢያው ጀርባ ተነሥቶ ሜዳውን ያቋርጣል። ከዚያ የባቡሩን ድልድይ ብስክሌት ተሸክሞ መሻገር አለ፤ ከዚያ ባሕር ዛፍ፤ ከዚያ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት። ከቁልቁለቱ ሥር ወደ ግራ ታጥፎ ወንዙን ዳር ዳሩን ተከትሎ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ሰው በሁለቱም በኩል ተሰልፏል። ጋሽ በዛብህ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ሲቆም መሪዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ፀሐይ አጠገቤ ነበረች። የፊት ጎማዬን አይታ «ቦቲ» አለችኝ። ተሳሳቅን። ፊሽካው ተነፋ።

ሜዳው ላይ እንደገባን ጉድ ታየ። ከፊቴ ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። ጎማቸው እየወፈረ፣ እየከበደ፣ ቀጥ ይላል፤ ይወርዱና በጣታቸው፣ በዱላ፣ በጥርስ ለመንከስ እስኪቀራቸው ጭቃውን ይፍቃሉ። የፀሐይ የኋላ ጎማ ድፎውን አክሏል፤ ቢሆንም በጉልበቷ ትገፋዋለች። የኔ ጎማ ግን ይዞራል! ጭቃው ይነካዋል፣ ትንሽ ይጓዛል፣ ከዚያ ዱብ እያለ ይወድቃል። በደስታ ጮህኩ። ጎማ አመራረጤ ነው አልኩ፤ ከኔ በላይ አዋቂ በአቃቂ የለም አልኩ። ፀሐይን ብቻ ከፊቴ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ አለፍኩ።

ድልድዩ ጋ ደርሼ ብስክሌቱን ልሸከም ስወርድ እጄ የፊቱን ጎማ ብረት፣ ቸርኬውን፣ ያዘ። አዳለጠኝ። መዳፌን አየሁት፤ ያብለጨልጫል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የኑግ ዘይት! የዳቦ ቤቱ ዘይት። ጎማው ዳርና ዳር፣ ሽቦዎቹ፣ ቸርኬው፣ ጎማው የሚገባበት ብረት ሳይቀር፣ ሁሉም አንድ ቦታ ሳይዘለል ተቀብቷል። እንዲህ አድርጎ የሚቀባ ሰው እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

እማዬ! በቃ፣ ብስክሌቱን ተሸክሜ ድልድዩ ላይ እየሮጥኩ አለቀስኩ። ዕንባዬና ጭቃው ተቀላቀለ። ይቺ ሴት ናዝሬት ልትልከኝ ከአክስቴ ጋር የተነጋገረች፣ ስለ ብስክሌት ሲወራ ምስር የምትለቅም፣ ከሥራ ጠፍታ መጥታ እንዳልጣበቅ ቀብታኛለች! ክንፍ አወጣሁ። ባሕር ዛፎቹ ውስጥ እርጥብ ቅጠል እየሸተተኝ፣ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ፣ ፀሐይን ደረስኩባት። ደስታዬ ገና ከደረቴ ሳይወርድ ቁልቁለቱ መጣ።

ፍሬኑን ጨበጥኩ።

ምንም የለም። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን ቆንጥጦ ነው ጎማ የሚያቆመው፤ ቸርኬው ደግሞ በዘይት ታጥቧል። እንደገና ጨበጥኩ። ሳሙና እንደመጨበጥ ነው። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። እናቴ ዳቦ ከቆርቆሮ እንዴት እንደሚለቅ ታውቃለች፤ ብስክሌት እንዴት እንደሚቆም ማን ነግሯት?

«ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያልኩ ወረድኩ። ፀሐይ ፍሬኗን ይዛ በጥንቃቄ ስትወርድ በአጠገቧ አለፍኳት። «አስካለ፣ አብደሻል?» ስትል ሰማሁ። ጫማዬን መሬት ላይ ጎተትኩት፤ ሶሉ ተገንጥሎ ሄደ። መታጠፊያው ደረሰ። የፊት ጎማዬ ጥርሳም ቢሆን፣ በዚያ ፍጥነት እንኳን ጎማ ባቡርም አይታጠፍም። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለልኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና «እመቤቴ!» ብዬ ወንዙ ውስጥ ገባሁ።

ውኃው ቡናማ ነው፤ ክረምቱ ገና አልወጣለትም። እስከ ደረቴ ይደርሳል። ጠጥቼ፣ ተፍቼ፣ ብስክሌቱን ሳልለቅ ቀና ስል፣ አንዲት ሴት በነጭ ሽርጥ ወንዙ ውስጥ ወደኔ ትመጣለች። ውድድሩን ላታይ የማለች የምትመስለው እናቴ፣ የዳቦ ቤት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ፣ እዚያ ቁልቁለት ሥር ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ክንዴን ያዘችና ከላይ እስከ ታች ዳበሰችኝ። እጄን፣ ጭንቅላቴን፣ ጥርሴን ሳይቀር አየች። አለቀልኝ አልኩ። አሁን «በቃ፣ ነይ ውጪ፣ ይቅርብሽ» ልትለኝ ነው። ከኋላችን ፀሐይ ስታልፍ ሰማኋት፤ ቀጥላ አንዲት ሌላ ልጅ አለፈች። ሁለተኛዋ አለፈች ማለት ናዝሬት ማለት ነው።

እማዬም ሰምታለች። ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጀርባዬን በሁለት እጇ ገፋችው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። «ሩጪ እንጂ! ሩጪ!»

ከተወለድኩ ጀምሮ ከዚያች ሴት አፍ «ቁጭ በይ» እንጂ «ሩጪ» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ብስክሌቱን በቀኝ ትከሻዬ ጣልኩት። ውኃው አጥቦት ቀሎኛል። የወንዙ ዳር ደግሞ ከሜዳው የባሰ ኮትቻ ነው፤ ከፊቴ ያለችው ልጅ ብስክሌቷ ቀጥ ብሎባት ትጎትተዋለች። እኔ በአንድ እግር ጫማ፣ በአንዱ ባዶ እግሬን፣ ሮጥኩ። መንዳት የተባለውን ነገር ረሳሁት። መጨረሻው ጋ ስደርስ ያቺን ልጅ ጥዬአት ነበር። ፀሐይ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ።

ሰው ሲበታተን ጋሽ በዛብህ ስማችንን ጻፈ። አባዬ ብስክሌቱን ተቀብሎ ቸርኬውን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን አሸተተ፤ ቀስ ብሎ ቀና ብሎ አየኝ። እማዬ ቀሚሷን እየጨመቀች ወደኔ ተጠጋች። ሰው እንዳይሰማት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዘይቱ ጠቀመሽ?» አለችኝ።

ዓይኗን ብታዩት! ይህችን ሴት እንዲህ ስትጓጓ አይቻት አላውቅም። ልትገድይኝ ነበር ልበላት? ብነግራት ስትብሰለሰል ትኖራለች፤ ሌሊት እየተነሣች ታለቅሳለች።

«እማዬ፣ ዕድሜዬን እንደ ዛሬ ፈጥኜ አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው።

«ታዲያስ!» አለች፣ ፊቷ በራ። «ያልተቀባ ቆርቆሮ መቼ ዳቦ ይለቃል?»

አባዬ ሳቁን ሳል አስመስሎ ዞር አለ።

እንግዲህ የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። በቡድኑ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በየውድድሩ ዋዜማ፣ እማዬ ብስክሌቴን ትቀባለች። ጨርቋንና ጣሳዋን ይዛ ትንበረከክና አንዲት ሽቦ ሳትዘል ትቀባለች። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» እላለሁ። ከዚያ መነሻው መስመር ላይ ከሰው ተደብቄ፣ በጋዝ ባራስኩት ጨርቅ ቸርኬውን ብቻ ጥርግ አድርጌ እጠርጋለሁ። ሌላውን ዘይት አልነካውም፤ እውነቱን ለመናገር ለጭቃው ፍቱን ነበር፤ ኋላ ኋላ የቡድኑ ልጆችም ብስክሌታቸውን እንዲሁ መቀባት ጀመሩ። ጨርቁን የምትይዝልኝ ፀሐይ ናት። ከባላጋራነት ወደ እኅትነት የተሻገርነው በዚያ ጨርቅ ነው። ሳትናገር ታቀብለኛለች፤ ጠርጌ እመልስላታለሁ፤ ጨርቁ ዘይት ጠጥቶ ይጠቁራል።

እማዬ በአንድ የጾም ወቅት ታማ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ኀዘኑ ሲቀል ጓደኞቼ እየጎተጎቱ ወደ ውድድር መለሱኝ። መነሻው መስመር ላይ ቆምን። ፀሐይ እንደ ልማዷ ጨርቁን አቀበለችኝ፤ እሷም አላሰበችውም፣ እኔም አላሰብኩትም። ተንበርክኬ የፊቱን ቸርኬ ዙሪያውን ጠረግኩ። ጨርቁን ገልብጬ አየሁት። ነጭ ነው። ጨርቁ እንደነጣ ወጣ። ቀብሯ ላይ ያልወጣው ለቅሶዬ ያኔ ወጣ። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ሄዱ፤ ፀሐይና እኔ ብቻ መሬት ላይ ቁጭ ብለን ቀረን። በሕይወቴ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ያልኩት ያን ቀን ነው።

እሑድ ጠዋት ከሃና ጋር ወደ ሜዳው ሄድኩ። ጎማዎቿን አንድ ጥርሳም አንድ ቀጭን አድርጋ እንድታስር ነግሬአት ነበር፤ «ጥንዱን ላፍርሰው?» ብላ ሳቀች፤ አፈረሰችው። ለፀሐይ ስልክ ደውዬ ስነግራት «አሁንም ገልብጠሽዋል!» ብላ ጮኸችብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እኮ ነው!

ሃና መስመሩ ላይ ስትቆም ከቦርሳዬ ጨርቅ አውጥቼ ተንበረከክኩ። ጉልበቴ ተንቋቋ። ቸርኬውን ዙሪያውን ጠረግኩት።

«እትዬ አስካለ፣ ንጹሕ ነው እኮ» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት አጥቤዋለሁ። ምኑን ነው የሚጠርጉት?»

«አውቃለሁ» አልኳት። መጥረጌን ግን አልተውኩም፤ ዙሩን ጨርሼ ጨርቁን ሳላየው አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ።

ፊሽካው ተነፋ። አንድ ትሑት ልጅ ወንበር ይዞልኝ መጣና «እናቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። አመስግኜ መለስኩት። ሃና ቦዩ ጋ ወድቃ ተነሥታ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ግራ ገብቷት ዞር ዞር ስትል አየኋት። ያ ጉልበቴ ምን እንደነካው እንጃ፣ እስከ ቦዩ አፍ ድረስ ሮጥኩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ሩጪ እንጂ! ሩጪ!»

ብስክሌቷን በቀኝ ትከሻዋ ጣል አድርጋ ሮጠች።